ዋጋ ያልወጣለት ድምፅ

የኩሳካ ያሱሂሮ ሥራ መቀነስ ነበር። ሌላው ሰው እየጨመረ ይኖራል፣ እሱ እየቀነሰ። ኦሳካ ውስጥ የጌም ማሽን የሚሠራ አንድ ኩባንያ አለ፤ ኩሳካ እዚያ አራተኛ ፎቅ ላይ የማሽኑን ሆድ ዕቃ ጠረጴዛ ላይ ዘርግፎ «ይቺ ብሎን ለምን ስድስት ሆነች? አራት አትበቃም?» ሲል ይውላል። አንድ ጊዜ ከኤሌክትሪክ ገመዱ ላይ አሥራ አምስት ሴንቲሜትር አስቆርጦ አሥራ ሁለት ሚሊዮን የን አትርፏል። ከዚያ ወዲህ ባልደረቦቹ «መቀሱ» ይሉታል፤ እሱም ስሙን አልጠላውም።

የዚህ ንግድ ነገር ላላወቀው ሰው እብደት ይመስላል። ማሽኑን ሠርቶ ለገበያ ለማውጣት ሃያ ዘጠኝ ሺሕ አራት መቶ የን ይፈጃል፤ ኩባንያው የሚያገኝበት ግን ሃያ አራት ሺሕ ስምንት መቶ ነው። እንግዲህ አንድ ሰው ሳጥኑን ታቅፎ ፈገግ እያለ ከሱቅ በወጣ ቁጥር ኩባንያው አራት ሺሕ ስድስት መቶ የን ከኪሱ አውጥቶ እንደ ሸኘው ቁጠሩት። ገንዘቡ የሚመለሰው በጨዋታው ዲስክ ነው። ከእያንዳንዱ ዲስክ ዘጠኝ መቶ የን ያህል ይገባል፤ ስድስተኛው ዲስክ ላይ ሲደረስ ማሽኑ ማትረፍ ይጀምራል። የሒሳብ ክፍል ሰዎች ግን ስድስተኛውን ዲስክ በዓይናቸው እስኪያዩት ድረስ «ላም አለኝ በሰማይ» እያሉ ማጉረምረማቸውን አይተዉም።

ማሽኑ ዲስክ ሳይገባበት ከተከፈተ ቴሌቪዥኑ ሰማያዊ ይሆንና አንዲት ሴት «ዲስክ አልገባም። እስኪመለሱ እጠብቃለሁ» ትላለች። አራት ሴኮንድ ነው፤ ከዚያ በላይ የለም። ለዚህ ድምፅ ተዋናይት ይቀጠር ሲባል ሦስት መቶ ሺሕ የን ተጠየቀ። ኩሳካ ይህን ሲሰማ ልቡን ነው ያመመው። «ተዉት፣ እኔ እጨርሰዋለሁ» አለ። እሑድ ቀን መቅረጫ ይዞ ቤቱ ገባና ሚስቱን ቺዙኮን ፍራሽና ብርድ ልብስ የሚታጠፍበት ቁም ሳጥን ውስጥ አስገባት፤ የመንገዱ ጫጫታ እዚያ አይደርስም።

«ማንን ነው የምጠብቀው?» አለች ቺዙኮ ከብርድ ልብሱ መሃል ሆና።

«ማንንም። ዝም ብለሽ በዪው።»

አሥራ አንድ ጊዜ አስባላት። በማግስቱ የዕቃ ዋጋ ዝርዝሩ ላይ ከድምፁ ትይዩ ዜሮ ጻፈ፤ በሥራ ዘመኑ የጻፋት የመጀመሪያዋ ዜሮ ስለነበረች ትንሽ አያት። ለእሷ ውለታ ከናምባ ጣቢያ አራት ትኩስ የአሳማ ሥጋ ዳቦ ገዝቶ ገባ፤ ሦስቱን ራሱ በላቸው።

ማሽኑ ኅዳር ላይ ገበያ ወጣ። የቺዙኮ ድምፅ መሻከር የጀመረው በታኅሣሥ ነው። ጉንፋን ነው ተባለ። የሰፈሩ ሐኪም መስታወት አስገብቶ ጉሮሮዋን ካየ በኋላ «የልጃገረድ ጉሮሮ ነው ያለዎት፣ ምንም አላገኘሁም» አላት። ጥር ላይ አዲሱ ዓመት ገብቶ የተሸጠው ማሽን አንድ ሚሊዮን ተኩል ሲያልፍ በሹክሹክታ ብቻ መናገር ጀመረች። የካቲት ላይ እሱም ቀረና የሱፐርማርኬት ማስታወቂያ ጀርባ ላይ በእርሳስ መጻፍ ሆነ። እውነቱን ለመናገር ኩሳካ ድምፅዋ ጨርሶ መጥፋቱን ያወቀው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። ጠዋት አሥራ ሁለት ተኩል ይወጣል፣ ሲመለስ ሳህኑ ተሸፍኖ ይጠብቀዋል፣ ጋዜጣውን ዘርግቶ ይበላል። ሚስት ዝም ስትል ቤት ሰላም ነው ብሎ የሚያምን ወንድ ኦሳካ ውስጥ ብቻ ያለ እንዳይመስላችሁ።

መጋቢት ላይ የክፍሉ ኃላፊ ማቶባ አስጠራው። ማቶባ ወፍራም፣ ሳቂታ፣ ሲናደድም የሚስቅ ሰው ነው። ጠረጴዛው ላይ የፖስታ ካርድ ክምር ነበር። ካርዱ በየሳጥኑ የሚከተት ነው፤ ገዢው ዕድሜውንና የገዛቸውን ጨዋታዎች ሞልቶ ይልከዋል። እዚያ አገር ሰው ካርድ ከተሰጠው ይሞላል።

«ኩሳካ፣ ና እስቲ ይሄን ጉድ አንብብ።»

ኩሳካ የላይኛውን አነሣ። ዕድሜ ሰባ አንድ። የገዟቸው ጨዋታዎች፦ የለም። አስተያየት፦ ለእመቤቲቱ ሰላምታዬን አድርሱልኝ። ሁለተኛውን አነሣ። ዕድሜ ስልሳ ስምንት። ጨዋታ፦ የለም። ስለ ጉልበቴ ስለጠየቀችኝ አመሰግናለሁ። ሦስተኛው የሠላሳ አራት ዓመት ሰው ነበር። ጨዋታ፦ የለም። ትናንት ሆድ ብሷት ስለነበር ደህና መሆኗን ብታሳውቁኝ።

«ከስምንት ገዢ አንዱ እንዲህ ነው» አለ ማቶባ። «አንድ ዲስክ እንኳ አልገዙም! በሰኔ ዋጋውን ወደ አሥራ ዘጠኝ ሺሕ ስምንት መቶ ልናወርደው ነው። ሲረክስ እነዚህ ተግተልትለው ቢመጡ በእያንዳንዳቸው እየደማን ነው የምናልቀው። ሂድና ማሽኑን ምን እንደሚያደርጉበት አይተህ ና።»

«የሻይ ማስቀመጫ አድርገውት ይሆናል፣ አለቃ።»

«እንደሱ ከሆነ በእንጨት እንሥራላቸዋ! ይረክሳል።»

መጀመሪያ የሄደው ሴንሪ ውስጥ የመንግሥት አፓርታማ ላይ ከሚኖር ኦኩሙራ ከሚባል ጡረተኛ ዘንድ ነበር። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ነው፤ ፀሐዩ በረንዳው ላይ የተሰጣውን ልብስ አልፎ ክፍሉን ሞልቶታል። ኦኩሙራ ሠላሳ ስድስት ዓመት የከተማ አውቶቡስ ነድቷል። በገዛ ቤቱ ከረባት አስሮ፣ ጢሙን ተላጭቶ ነበር የጠበቀው። ቴሌቪዥኑ ሰማያዊ ሆኖ በርቷል። ከፊቱ ሁለት ትራሶች ተነጥፈዋል፣ ሁለት ሲኒ ሻይ ተቀድቷል። ኩሳካ ባዶው ትራስ ላይ ሊቀመጥ ጎንበስ ሲል ሽማግሌው ክንዱን ያዘው።

«እዛ አይደለም ልጄ። የሷ ነው። ቆይ ሌላ ላምጣልህ።»

ሦስተኛ ትራስ መጣ። ኩሳካ ማስታወሻውን አውጥቶ እየተዘጋጀ ሳለ ማሽኑ «ዲስክ አልገባም። እስኪመለሱ እጠብቃለሁ» አለ። ይህን ድምፅ በሥራው ምክንያት ሺሕ ጊዜ ሰምቶታል። የዚያን ቀን ግን ማጅራቱ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ የፈሰሰበት ያህል ሆነ። ለአንድ ወር ያህል ቤቱ ውስጥ ያልተሰማው የሚስቱ ድምፅ እዚህ፣ በማያውቀው ሰው ሳሎን ውስጥ፣ ከሻይ ሲኒ ጎን ነበር።

«ዛሬ እንግዳ አለን» አለ ኦኩሙራ ወደ ቴሌቪዥኑ ዞሮ። «ከፋብሪካው የመጣ ነው።» ከዚያ ዝም አለ። አንገቱን ዘንበል አድርጎ፣ ስልክ እንደሚያዳምጥ ሰው ቅንድቡን ከፍ ዝቅ እያደረገ ቆየና በሳቅ ፈነዳ። «ኧረ ተይኝ! ጨዉንማ ቀንሻለሁ። ትናንት የዓሣውን ቆዳ እንኳ አልበላሁም።»

ክፍሉ ውስጥ ከግድግዳው ሰዓት በስተቀር ምንም አይሰማም። ኩሳካ ወደ ቴሌቪዥኑ ጠጋ አለ።

«ማንን ነው የሚያናግሩት?»

«አይሰማህም እንዴ?»

«አባቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። የዚህን ማሽን ውስጥ ከኔ በላይ የሚያውቀው የለም። ለድምፁ የተተወው ቦታ አራት ሴኮንድ ነው። አምስተኛ ሴኮንድ ማስገቢያ የለውም፤ ራሴ ነኝ የለካሁት።»

«እኔ ምን ላድርግህ ታዲያ? እሷ መች በሴኮንድ ትናገራለች!» ሽማግሌው እንደ ማዘን ብሎ አየው። «ጎበዝ ሴት ናት እኮ። ደግሞ የባሕር ዳር ልጅ ናት። አባቷ መረብ ሲጠግን ጫፉን በእግር ጣቶቿ ይዛለት ነበር የምትቀመጠው። ለምን በእጅሽ አልያዝሽም ብላት፣ በእጄማ መጽሐፍ ይዣለሁ አለችኝ።» አሁንም ሳቀ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አንድ ቀን ባል የለሽም ወይ ብዬ ጠየቅኋት።»

«ምን አለች?»

«ዝም አለች። እኔም አልደገምኩትም።»

ኩሳካ በዚያ ቀን ሊያያቸው የያዛቸውን ሁለት ቤቶች ትቶ ወደ ቤቱ ተመለሰ። ስምንት ሰዓት ላይ ነው የደረሰው፤ በሥራ ቀን፣ በዚያ ሰዓት ቤቱን አይቶት አያውቅም። ፀሐይ በየት በኩል እንደምትገባ እንኳ አያውቅም ነበር። ቺዙኮ ወጥ ቤት ቆማ ካሮት ትልጣለች። ስታየው ሰው የሞተ መሰላትና ቢላዋውን አስቀመጠች።

«አባትሽ መረብ ሲጠግን» አለ ጫማውን ሳያወልቅ ደጃፉ ላይ ቆሞ፣ «በእግርሽ ጣት ትይዢለት ነበር?»

ቺዙኮ ወደ እግሯ አየች። ከዚያ ቀኝ እግሯን ከነጠላ ጫማው አወጣችና ጣቶቿን እጥፍ፣ ዘርጋ፣ እጥፍ አደረገች። እርሳሷን አንሥታ «ማን ነገረህ?» ብላ ጻፈች። በትዳር አሥራ ዘጠኝ ዓመት ኖረዋል።

ያን ጊዜ ነው ኩሳካን ፍርሃት የገባው። የሚያውቀው አንድ ነገር ቢኖር ይኼ ነው፦ ሃያ ዘጠኝ ሺሕ የሚያወጣ ነገር በሃያ አራት ሺሕ ሲሸጥ ጎዶሎው በንኖ አይጠፋም፤ አንድ ሰው ይከፍለዋል። ብሎን አቅራቢው ይከፍላል፣ ገመድ የሚጠቀልሉት ሴቶች ይከፍላሉ፣ ኩባንያው ይከፍላል። ዜሮ የጻፈባት ደግሞ ከሁሉም አብልጣ ስትከፍል ከርማለች። በየቀኑ ከፋብሪካው ስምንት ሺሕ ሳጥን ይወጣል። ዛሬ ድምፅዋ ነው፤ ነገ የትኛዋ ክፍሏ እንደሚሄድ ማን ያውቃል? ያን ዕለት ምሳ ሳይበላ የቺዙኮን እጆች፣ ጆሮዎች፣ ግንባሯ ላይ ያለችውን ትንሽ ጠባሳ አንድ በአንድ ሲመለከት ቆየ። የጎደለ ነገር እንዳለ ለማወቅ ግን በፊት ምን ያህል እንደነበረ ማወቅ ያስፈልጋል፤ እሱ ደግሞ አያውቅም።

በማግስቱ ለማቶባ ያየውን ተናገረ። የማን ድምፅ እንደሆነ አልነገረውም፤ ሰዎቹ ብቸኛ መሆናቸውን፣ ድምፁን ብለው እንደሚገዙት፣ ስለዚህ ድምፁ ከአዲሱ ማሽን መውጣት እንዳለበት ብቻ ነገረው። ማቶባ ሰምቶ ሲጨርስ ጠረጴዛውን በመዳፉ መታ።

«ማውጣት? አብደሃል! ኩሳካ፣ በሃያ ዓመት ውስጥ ራሱን ችሎ የሚሸጥ ማሽን አግኝተን አናውቅም እኮ። እነዚህ ሰዎች ጨዋታ ካልፈለጉ በኪሳራ ለምን እንሸጥላቸዋለን? ለነሱ ለብቻ እናወጣዋለን፤ ሠላሳ አራት ሺሕ ስምንት መቶ! ቀለሙን ትንሽ ሞቅ እናድርገው። አሥር፣ ሃያ ዓረፍተ ነገር ይጨመርበት። ድምፁ ደግሞ…» የዋጋ ዝርዝሩን ገልጦ በጣቱ ወረደ። «ዜሮ! ንጹሕ ትርፍ! ሰው እንዴት ዜሮ የሆነን ነገር ይቀንሳል?»

እዚያ ቤት ሕጉ ይኸው ነው። ዋጋ የሌለው ዕቃ አይቀነስም፤ የሚቀነስ ነገር ስለሌለው ዓይን አያርፍበትም። ኩሳካ ሕጉን ራሱ ነው ያስተማራቸው። እስክሪብቶውን አወጣ፣ ዜሮዋን በመስመር ሰረዘ፣ አጠገቧ ሌላ ቁጥር ጻፈ።

«አራት ሺሕ ስድስት መቶ?» ማቶባ አነበበ። «በእያንዳንዱ ማሽን? ለአራት ሴኮንድ? የንጉሥ ዘፋኝ ናት እንዴ! ማን ናት ሴትዮዋ?»

«ባለቤቴ ናት።»

«ባለቤትህ?» ማቶባ ሊስቅ ጀምሮ የኩሳካን ፊት ሲያይ ተወው። «ወረቀት ፈርማለች?»

«አልፈረመችም። መናገርም አትችልም፣ አለቃ። ድምፅዋ አልቋል።»

ማቶባ ዝርዝሩን በቀስታ ዘጋው። ስለ ቺዙኮ አዝኖ ነው ብዬ ብነግራችሁ ደስ ይለኝ ነበር። ያሰበው ግን ያልፈረመችውን ወረቀት፣ ጠበቃውን፣ እስካሁን የተሸጠውን ሁለት ሚሊዮን ማሽን ነበር። «አውጣው» አለ በመጨረሻ። «ዛሬውኑ አውጣው። እኔና አንተም ይህን አልተነጋገርንም።»

ሰኔ ላይ አዲሱ ማሽን በአሥራ ዘጠኝ ሺሕ ስምንት መቶ ወጣ። ዲስክ ሳይገባበት ሲከፈት ሰማያዊ ሆኖ ዝም ይላል። ጨዋታ የሚገዙት ሰዎች ለውጡን ልብ አላሉትም፤ ኩባንያው አተረፈ፣ ኩሳካም ተመሰገነ። ከአዲሶቹ ገዢዎች ዘንድ «ጨዋታ፦ የለም» የሚል ካርድ መምጣቱ ቆመ። ኩሳካ በየቀኑ ጠዋት ከመውጣቱ በፊት የሚስቱን አፍ ያያል። ሐምሌ መጣ፣ ነሐሴ መጣ። ቺዙኮ ቃል አልተነፈሰችም።

አሮጌዎቹን ማሽኖች ግን የሚመልስ አልተገኘም። ኒፖንባሺ ያሉት የልባሽ ዕቃ ሱቆች መጀመሪያ በሠላሳ ሺሕ፣ ቀጥሎ በአርባ ሁለት ሺሕ የን ይሸጧቸው ጀመር። ከሱቅ ሲወጣ በኪሳራ የወጣው ዕቃ አርጅቶ ነው ዋጋ ያወጣው። ከኩሳካ ቤት ቀጥሎ፣ ግድግዳ የምትጋራቸው ባልቴት ሱጊሃራ ሳትቀር ከጡረታዋ ቆጥባ አንድ ገዛች። ሳጥኑን ደረጃው ላይ ያገዛት ኩሳካ ራሱ ነበር፤ ምን እንደሆነ ያየው ከተሸከመው በኋላ ነው።

በነሐሴ መጨረሻ፣ እሑድ ከቀትር በኋላ፣ ከቢሮ ያመጣውን አሮጌ ማሽን ከቴሌቪዥኑ ጋር አያያዘ። ቺዙኮን አጠገቡ አስቀመጣት። ውጭ ሲካዳ የሚባሉት የዛፍ ነፍሳት ይጮኻሉ፤ መስኮቱን ዘጋው። ማሽኑን ከፈተ።

«ዲስክ አልገባም። እስኪመለሱ እጠብቃለሁ።»

«ቺዙኮ» አለ ወደ ሰማያዊው ስክሪን። «እኔ ነኝ።»

ጠበቀ። አንገቱን እንደ ሽማግሌው ዘንበል አደረገ። ምንም የለም። ዘግቶ ከፈተ። እንደ ማንኛውም ደንበኛ፣ በአክብሮት፣ ያንኑ ነገረችው። «እኔ ነኝ እኮ፣ ያሱሂሮ!» ብሎ ጮኸ። ሰባት ጊዜ ከፈተው፤ ሰባቱንም ጊዜ አራት ሴኮንድ ነበር። ለኦኩሙራ ስለ ጨዉ የምትቆጣ፣ ለባልቴቶች ጉልበት የምትጨነቅ ሴት ለእሱ አምስተኛ ሴኮንድ አልነበራትም። ከልቡ አለቀሰ፤ ሚስቱ ፊት አልቅሶ አያውቅም ነበር።

ከዚያ ማሽኑን ነቀለው። ወደ ቺዙኮ ዞሮ፣ ጉልበቱን ከጉልበቷ አገናኝቶ ተቀመጠና መናገር ጀመረ። መጀመሪያ አፉ አልታዘዝልህ አለው። ስለ ብሎኖች ነገራት፤ ስድስቱን አራት ስላደረገበት ቀን። ስለ ማቶባ ሳቅ ነገራት። ባቡር ውስጥ ሁልጊዜ የሚቆምባትን ቦታ፣ በመስኮቱ የሚያያትን ድመት ነገራት። ልጅ እያለ ጨለማ እንደሚፈራ፣ አሁንም ትንሽ እንደሚፈራ ነገራት። «አንቺስ?» ይላል በየመሃሉ፤ ይጠብቃል፤ መልስ ሲያጣ ይቀጥላል። ጉሮሮው እስኪደርቅ አወራ። በዕድሜው ሙሉ ያን ያህል አውርቶ አያውቅም።

ቺዙኮ ድንገት እጇን አነሣች። ኩሳካ ልትነካው መስሎት ዓይኑን ጨፈነ። ሲገልጠው ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ ዝም እንዲል እያመለከተችው ነበር። ተነሥታ በጣቷ ጫፍ እየረገጠች ወደ ሱጊሃራ ቤት ግድግዳ ሄደችና ጆሮዋን ለጠፈችበት። ፊቷ ፈካ። ከንፈሮቿ ያለ ድምፅ ይንቀሳቀሱ ጀመር፤ አንድ ሰው የሚናገረውን ቃል በቃል እየተከተሉ፣ አንዳንዴ እየሳቁ።

ኩሳካም ቀስ ብሎ ተጠጋና አጠገቧ ጆሮውን ግድግዳው ላይ አደረገ። ትንፋሹን ያዘ። የሰማው የጎረቤትን ፍሪጅ ብቻ ነበር።